ከጸበሉና ከሲቲ ስካኑ የቱ ይቅደም?

አዲስ አበባ፣ ሰባተኛ አካባቢ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ በድንገት አፉ ቢጣመምና የያዘው ዳቦ ከእጁ ቢወድቅ መካሪ ጎረቤት አይጠፋም። «ምች ነው፤ ዳማከሴ ጨምቂለት» የምትል አለች። «ሰይጣን ለክፎት ነው፤ ራጉኤል ጸበል ውሰጂው» የምትልም አለች። ከአንዋር መስጊድ ሰግደው የሚመለሱ አባት ደግሞ ሩቅያ የሚያደርጉ ሸኽ ይጠቁማሉ። የሚጠፋው ስትሮክን የሚያነሣ ሰው ነው። ስትሮክ ደም ብዛት ያለባቸው አዛውንት በሽታ ነዋ!

አይደለም። የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈስ የሚመጣው ስትሮክ ልጆችንም ይመታል፤ እንዲያውም በውልደት ሰሞን ከ2,500 እስከ 4,000 ከሚደርሱ ሕፃናት መካከል አንዱን እንደሚያገኝ ይገመታል። ጨቅላው ብዙ ጊዜ አፉ አይጣመምም፤ ያንቀጠቅጠዋል፣ አንዳንዱም ዓመት ሳይሞላው አንድ እጁን ብቻ መጠቀም ሲጀምር ነው የሚታወቅበት። ከፍ ባሉት ልጆች ምክንያቱ ብዙ ነው፦ አብሮ የተወለደ የልብ ችግር፣ ማጅራት ገትር፣ የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ወደ አንጎል ሲዘልቅ፣ ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ፣ ጭንቅላት ላይ የደረሰ አደጋ። ለእኛ አገር በጣም የሚቀርበው ግን በወጉ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም ልብ ላይ የሚተወው ጠባሳ ነው። ከተጎዳው ልብ የተነሣ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ የደም ሥር ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1989 በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ተቋም ማዕከሉን ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የከፈተው እንዲህ ያሉ ልቦች ስለበዙ ነው። ሪህማቲክ የሚባለው ይህ የልብ በሽታ ላለበት ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊን ልቡ ዳግም እንዳይጎዳ ይጠብቀዋል።

ታዲያ ጸበሉስ? ጥያቄው አዲስ አይደለም። የእንጦጦ ማርያምን ጸበል ብለው የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ብዙዎች በነበሩበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በይፋ ተናገሩ። ይህ መልስ ለኤችአይቪ በቂ ነበር፤ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ክኒን ከጸበል ጋር አብሮ ይሄዳልና። ስትሮክ ግን «ሁለቱም» በሚል መልስ አይፈታም። የደም ሥሩ በተዘጋበት ትልቅ ሰው አንጎል ውስጥ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ተሰልቷል። ስለዚህ የሃይማኖቱ ጥያቄ ወደ ቅደም ተከተል ይዞራል፦ ሐኪም ጋ መሮጥ የእምነት ማነስ ነውን?

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ የሚታሰበው መፃጉዕ መልስ ይሰጣል። ይህ ሰው በመጠመቂያው ዳር የውኃውን መናወጥ እየጠበቀ፣ በደዌው 38 ዓመት የቆየ ነበር። ጌታ የፈወሰው ግን ውኃው ውስጥ ሳይገባ ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ያሉት አራቱ ሰዎች ደግሞ ሽባ ወዳጃቸውን ተሸክመው ሕዝቡ መንገድ ቢዘጋባቸው ጣራ ነድለው አወረዱት፤ ጌታ ያየው እምነታቸውን ነው። መቸኮላቸው አልተነቀፈም። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያዛል። ለሙስሊሙ ጎረቤትም ቢሆን ግመልን አስሮ በአላህ መመካት የታወቀ ትምህርት ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ ከሌላ ወገን ይመጣል። «ሆስፒታሉስ ምን ያደርግለታል?» የምትል እናት ጥያቄዋ ተራ አይደለም። ለአዋቂ የሚሰጠው የረጋ ደም አሟሚ መድኃኒት በልጆች ላይ ጥቅሙ ገና አልተረጋገጠም፤ ይህን ለማወቅ የተጀመረ ዓለም አቀፍ ሙከራ በቂ ታማሚ ልጅ ባለማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ቆሟል። ሆኖም ሐኪሙ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። የስኳር መጠኑን በደቂቃ ይለካል፤ ስኳር ሲወርድ፣ ማይግሬን ሲነሣ ወይም የሚጥል በሽታ አንጎሉን አድክሞት ሲያልፍ ስትሮክ ሊመስል ይችላልና። ሲቲ ስካን ደም መፍሰሱን ያሳያል። ደም መፍሰስ ከሌለ እንደ ሁኔታው አስፒሪን ወይም ሄፓሪን ይሰጣል፤ ከፈሰሰ ግን እነዚሁ መድኃኒቶች ሊገድሉ ይችላሉ፣ ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልግ ይችላል። ገና የጀመረ መዘጋትን ሲቲው ሊስተው ስለሚችል ኤምአርአይ የተሻለ ነው፤ ትንሹ ልጅ ግን እንዳይንቀሳቀስ ማደንዘዣ ይፈልጋል። ለሲክል ሴል ታማሚ ደም ይቀየርለታል፣ ለማጅራት ገትር አንቲባዮቲክ ይጀመራል። ይህ ሁሉ ለነገ አይተርፍም።

«የማን ኃጢአት ነው?» የሚለው ሹክሹክታም አለ። በወንጌል ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው የተጠየቀው ይኸው ነበር፤ መልሱም እሱም ወላጆቹም አይደሉም የሚል ነው። እናቲቱን በኃጢአት መክሰስ ከሐኪሙም ከቄሱም ትምህርት ውጭ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መለየት አለበት፦ ጸበሉ ይረጭ እንጂ አይጠጣ። የልጁ ጉሮሮ ደክሞ ከሆነ የሚጠጣው ጸበል፣ ዘምዘም ወይም የዳማከሴ ጭማቂ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፣ አምቡላንስ በ907 ጥሩ፤ ከዘገየ ባገኛችሁት ታክሲ ወደ ጳውሎስ ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውሰዱት። ዱዓውም ጸሎቱም መንገድ ላይ ይደረጋል። ለሐኪሙ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትነግሩት ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ነው።