በአንድ እጅ ኮድ ለሚጽፍ ወጣት

ፋብሪካ በበዛበት በፉሪና በሰበታ አካባቢ እጁን በማሽን የተጎዳም ሆነ ከልጅነቱ አንድ እጁ የማይታዘዝለት ወጣት፣ ጉልበት የሚጠይቀውን ሥራ ትቶ ወደ ኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራ ፊቱን ቢያዞር ተገቢ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ስለሚሰጥ፣ ለጀማሪ አዲስ አበባ ድረስ መመላለስን አይጠይቅም። ሆኖም ኪቦርድ ለሁለት እጅ የተሠራ ዕቃ በመሆኑ፣ ወጣቱ ጣቶቹን ከማስጨነቁ በፊት መሣሪያውን ለራሱ ማስተካከል ይኖርበታል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ሁለትና ሦስት ቁልፎችን በአንድ ጊዜ መጫን ነው። ኮድ በጥምዝ ቅንፍና በጥቅስ ምልክት የተሞላ ስለሆነ ያለ ሺፍት አይጻፍም፤ በአማርኛም ቢሆን በድምፅ አጻጻፍ «ጠ»ን ለማግኘት ሺፍት ያስፈልጋል። ለዚህ መፍትሔው «ስቲኪ ኪይስ» የሚባለው፣ ሺፍትን ወይም ኮንትሮልን ጫን አድርጎ ከለቀቁ በኋላ ቀጣዩን ቁልፍ ለብቻው ለመምታት የሚያስችለው ቅንብር ሲሆን፣ በዊንዶውስ ሺፍትን አምስት ጊዜ በተከታታይ በመምታት ይከፈታል። ብዙ ሰው ይህን ቅንብር ለመክፈት የሚጠይቀው መስኮት ሳይፈልገው ብቅ ሲልበት ተናዶ ይዘጋዋል፤ ለአንድ እጅ ጸሐፊ ግን ከየትኛውም ውድ ዕቃ ይልቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው የፊደላቱ አቀማመጥ ነው። አሜሪካዊው ኦገስት ድቮራክ ለቀኝ እጅ ብቻና ለግራ እጅ ብቻ የሚሆኑ አቀማመጦችን ያዘጋጀ ሲሆን፣ ሁለቱም በዊንዶውስ ውስጥ ይገኛሉ፤ ዛሬ በትምህርት ቤት፣ ነገ በኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ለሚሠራ ተማሪ ግን በየሄደበት አቀማመጥ መቀየር አድካሚ ስለሚሆን፣ የራሱ ላፕቶፕ እስኪኖረው ድረስ በተለመደው ኪቦርድ ላይ አራቱን ጣቶች መሐል ባሉት ኤፍ፣ ጂ፣ ኤችና ጄ ቁልፎች ላይ አሳርፎ ከዚያ ወደ ዳር መዘርጋትን ቢለማመድ ይሻለዋል። ቅንፍን ራሱ የሚዘጋና የተጀመረን ቃል የሚያሟላ የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም መጠቀምም የቁልፍ ምቱን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ደግሞም ፕሮግራመር ከመጻፍ ይልቅ በማሰብና ስሕተት በመፈለግ የሚያጠፋው ጊዜ ስለሚበዛ፣ የጽሕፈት ዝግታ የሚፈራውን ያህል ወደኋላ አያስቀረውም።

ከፍጥነት ይበልጥ የሚያሳስበው የጤነኛው እጅ ድካም ነው። ኪቦርዱንም ማውሱንም የሚያንቀሳቅሰው ይኸው አንዱ እጅ ስለሆነ የእጅ አንጓ ሕመም ካገኘው ተተኪ የለውም፤ ስለዚህ በማውስ የሚሠራውን በቁልፍ ትእዛዝ መተካት፣ ኪቦርዱን በሚሠራው እጅ ትይዩ ማስቀመጥ፣ መደንዘዝ ወይም መጠዝጠዝ ሲሰማም ሥራን አቋርጦ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

ሥራ ፍለጋ ሲወጣ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ተስማሚ የሥራ ሁኔታና መሣሪያ እንዲያመቻች ኃላፊነት እንደጣለበት ማወቅ ይጠቅመዋል። የቅጥር ፈተና ብዙ ጊዜ በሰዓት የተገደበና በባዕድ ኮምፒውተር የሚሰጥ በመሆኑም፣ የራሱን ላፕቶፕ ይዞ ለመግባት ወይም ቅንብሩን ቀድሞ ለማስተካከል ፈቃድ የሚጠይቀው ከፈተናው ቀን አስቀድሞ፣ በጽሑፍ ሊሆን ይገባል።