ያለ ባለቅኔ ቅኔ

የኮምፒውተር ትእዛዝ ከቃል ሁሉ ደረቁ ነው፤ ይጻፋል፣ ማሽኑ ይፈጽመዋል፣ ነገሩ በዚያ ያልቃል። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት መሥራት ሲጀምሩ ትእዛዞቹን በሁለትና በሦስት ፊደል ያሳጠሩት ለጨዋታ ብለው አልነበረም። የጊዜው የመጻፊያ መሣሪያ፣ ቴሌታይፕ፣ ዝግተኛ ነበር፤ ቁልፎቹም ለጣት ይከብዱ ነበር። ያጠረ ስም ግን ሌላ ቃል መምሰሉ አይቀርም። ፋይሎችን እያያያዘ የሚያሳየው ትእዛዝ «ካት» ተባለና በእንግሊዝኛ ድመት ሆኖ ቀረ። ታስቦበት የወጣ ስምም አለ። በ1978 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጽሑፍን ገጽ በገጽ የሚያሳይ ፕሮግራም ተጻፈና «ሞር» ተባለ፤ ተጨማሪ ማለት ነው። በኋላ ማርክ ኑደልማን ከእሱ የተሻለውን ሲጽፍ ስሙን «ሌስ»፣ ያነሰ፣ አለው። ማነስ መብለጥ ነው የሚለውን የእንግሊዝኛ አባባል የሚያውቅ ሰው ሳቁ ወዲያው ይመጣል።

ማሽኑ አይስቅም። ሁለቱንም ስሞች እኩል ይታዘዛል። ከዚህ ላይ አንድ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ይነሣል፦ የቃል ሁለተኛ ትርጉም ያለው የት ነው? በተናጋሪው ልብ፣ በሰሚው ጆሮ፣ ወይስ በቃሉ በራሱ?

በቅኔ ላደገ ባህል ጥያቄው እንግዳ አይደለም። ፊት ለፊት የሚሰማው ሰም፣ ከሥሩ የተቀበረው ወርቅ ነው፤ አንድ ቃል ሁለቱንም ሲሸከም ኅብረ ቃል ይባላል። በዋሸራም ሆነ በዋድላ፣ በጎንጅም የቅኔ ቤት ቢሆን፣ ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። በዚህ ሥርዓት ወርቅ ባለቤት አለው። ሳያስበው ኅብረ ቃል ከአፉ የወጣውን ሰው ተቀኘ ማለት ያስቸግራል፤ አጋጠመው ቢባል ይቀላል።

የኮምፒውተር ታሪክ ሁለቱንም ዓይነት ጎን ለጎን አስቀምጧል። በእንግሊዝኛ «ሜክ» ሥራ፣ «ላቭ» ፍቅር ነው፤ ሁለቱ ሲጣመሩ የቬትናም ጦርነት ተቃዋሚዎች ጦርነትን ትታችሁ ተፋቀሩ ይሉበት የነበረው መፈክር መነሻ ይሆናሉ። ፒዲፒ-10 በተባለው ኮምፒውተር ላይ በእነዚህ ሁለት ቃላት አዲስ ፋይል እንዲከፈት ያዘዘ ሰው «ጦርነትን አይደለም?» የሚል መልስ ያገኝ ነበር። በዩኒክስ ደግሞ ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 የጻፈው «ሜክ» የሚባል ፕሮግራም አለ። ለእሱ ያንኑ ትእዛዝ የሰጠ ሰው ያገኘው የነበረው መልስ ላቭን እንዴት እንደምሠራ አላውቅም፣ አቁሜአለሁ የሚል ነው። የፊተኛውን ቀልድ አንድ ሰው ሆን ብሎ ማሽኑ ውስጥ አስቀምጦታል። የኋለኛውን ያስቀመጠው የለም፤ ፕሮግራሙ የማያውቀው ስም ሁሉ ሲመጣበት የሚሰጠው የተለመደ መልስ ነው። ይበልጥ የሚያስቀው ግን ይኸው ነው፤ ፈጽሞ ሊናገረው ያላሰበውን እውነት የተናገረ ይመስላልና።

ለአማርኛ ተናጋሪ ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አለ። የትእዛዞችን መመሪያ የሚያወጣው ትእዛዝ «ማን» ይባላል፤ ማኑዋል ከሚለው የተቆረጠ ነው። ኮምፒውተሩን እየተጠቀመ ያለውን ሰው የሚነግረው ትእዛዝ ደግሞ «ሁ» ነው፤ በእንግሊዝኛ ማን ማለት ነው። ስለዚህ የ«ሁ»ን መመሪያ ለማንበብ «ማን ሁ» ብሎ መጻፍ ግድ ይላል። በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ለሚማር፣ ሁለቱን ቋንቋ ለሚሰማ ተማሪ፣ ይህ «ማን ማን?» ነው። ከቤል ላብራቶሪ ሰዎች ይህን ያሰበ የለም።

እንዲህ ያለው አጋጣሚ የሚበቅለው ጽሕፈት ከንግግር አንድ ነገር በሚጥልበት ቦታ ነው። የአማርኛ ፊደል ጥብቀትን አያሳይም፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ኖረ ይሆናል። በሸዋ ቤንችና በዙሪያው የሚነገረው የቤንች ቋንቋ ደግሞ አምስት ደረጃ ያለው የድምፅ ከፍታ አለው፤ ያው ቃል ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ሌላ ቃል ይሆናል። ቤንችኛ በፉጨትም ይነገራል፤ በፉጨት ጊዜ ቅላጼው ሲቆይ ፊደሉ ይጠፋል። የኮምፒውተር ትእዛዝ ተገላቢጦሹ ነው፤ ፊደሉን ይዞ ድምፁን ይጥላል። የተጣለውን መልሶ የሚሞላው አንባቢው ነው፤ የሚሞላውም ከራሱ ቋንቋ ቀድቶ ነው።

ዊምሳትና ቢርድስሊ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1946 ባሳተሙት ጽሑፍ የድርሰት ትርጉም በደራሲው ሐሳብ አይለካም ብለው ተከራክረዋል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ በሌላ መንገድ ከዚያ አጠገብ ይደርሳል። አንድምታ አንዱን ንባብ «አንድም» እያለ ደጋግሞ ይፈታዋል፤ ነቢዩ ከተናገረበት ዘመን ወዲያ የሚሄድ ምሥጢርም ያወጣለታል። በዚህ ንባብ ትርጉሙ ከጸሐፊው እጅ ቢያልፍም ባለቤት አያጣም፤ ያናገረው መንፈስ ያውቀዋል ተብሎ ይታመናል። «ማን ሁ» ግን ከኋላው የሚያናግር መንፈስ አለ የሚል የለም። ወርቁ ያለ አንጥረኛ ቀርቷል።

ሰምና ወርቅ የሚለው አነጋገር የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው፤ በሰም ቅርጽ ይወጣል፣ ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፣ ወርቁ በቦታው ይገባል። ከሚዛን ተፈሪ በሚወጣው መንገድ ዲማ ድረስ ለሄደ ሰው ግን ወርቅ ከአሸዋ ታጥቦም ይገኛል። እዚያ ቅርጽ ያወጣለት የለም፤ ያገኘው ሰው ግን ወርቅ አላገኘህም አይባልም። ባለቤት አልባውን ቀልድ ከቅኔ ማራቅ ተገቢ ይሆናል፤ ትርጉም የለውም ማለት ግን ታጥቦ የተገኘው ወርቅ ወርቅ አይደለም እንደ ማለት ነው። ደግሞም ማንም እንደፈለገ የሚፈጥረው አይደለም። «ማን» ጥያቄ መሆኑን የወሰነው የአማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ ነው።

ነገሩ የሚከብደው ሳቁ ወደ ቅሬታ ሲዞር ነው። ከበስተጀርባ ሆነው ሳይታዩ የሚያገለግሉ ፕሮግራሞች «ዲመን» ይባላሉ፤ ስሙ በ1963 አካባቢ በኤምአይቲ የወጣው የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በምናቡ ከፈጠረው ፍጡር ተወስዶ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ጋኔን ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። «ኪል» ግደል ነው፤ የሚገደለው ፕሮግራምም አንዳንድ ጊዜ «ልጅ» ይባላል፣ ወላጁ ቀድሞ የሞተበት ደግሞ «የሙት ልጅ» ይሆናል። ስምን አቅልሎ የማይመለከት አማኝ በዚህ ቢከፋው፣ ያወጡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም ብሎ መመለስ ብቻውን አይበቃም። ያልታሰበው ሳቅ እውነተኛ ከሆነ ያልታሰበው ቅሬታም እውነተኛ ነውና። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ለመሳቅም ለመከፋትም ሰሚ ብቻ ይበቃል፣ ሰውን ኃጢአት ሠራህ ለማለት ግን የተናጋሪው ሐሳብ መታወቅ አለበት።

ማሽኑ በዚህ ክርክር ውስጥ ወገን የለውም። «አሊያስ» በሚባል ትእዛዝ ማንኛውም ተጠቃሚ ለሌላው ትእዛዝ የወደደውን ስም ማውጣት ይችላል፤ «ኪል»ን «ስንብት» ቢለው ፕሮግራሙ እንደ ቀድሞው ይቆማል።