እጀታው ከትከሻ ጀርባ

ዘፋኙ ጆን ዴንቨር የሞተው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 1997 ነው። ብቻውን ያበራት የነበረችው ሎንግ ኢዚ ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ አጠገብ ባሕር ውስጥ ወደቀች። ሎንግ ኢዚ ሰዎች ፕላን ገዝተው በገዛ እጃቸው የሚሠሯት ትንሽ አውሮፕላን ናት። ይቺኛዋን የሠራት ሌላ ሰው ነው፤ ዴንቨር ገዝቷት ገና እየለመዳት ነበር።

አውሮፕላኗ ግራና ቀኝ ሁለት የነዳጅ ታንከር አላት። አንዱ ሲያልቅ አብራሪው እጀታ አዙሮ ከሌላው ያስመጣል። ንድፍ አውጪው በርት ሩታን እጀታውን ያሰበው በአብራሪው እግሮች መሃል ነበር። ሠሪው ግን የነዳጅ ቱቦ በተቀመጠበት ክፍል እንዳያልፍ ብሎ ከግራ ትከሻ ጀርባ ወሰደው። በክፋት አይደለም እኮ፤ ለደኅንነት ብሎ ነው።

የአሜሪካ የአደጋ መርማሪዎች እንደደመደሙት፣ ዴንቨር ያንን እጀታ ሊያዞር ሲል ሐሳቡ ከበረራው ተነጠቀ፤ ሳያውቀውም የቀኙን ፔዳል ረገጠ። እጀታው ላይ የትኛው ወገን የየትኛው ታንከር እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት አልነበረም። በእርግጥ ዴንቨርም ከመነሳቱ በፊት ነዳጅ ይሞላልህ ሲባል አያስፈልግም ብሏል። ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም።

እኔን የሚከነክነኝ የሠሪው ድርሻ ነው። ለራሱ ብሎ የሠራ ሰው ለማያውቀው ሰው ምን ዕዳ አለበት? እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች «እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» የምንላት ነገር አለች። እውነት ነው፣ ይሠራል። የጎደለውን በጭንቅላታችን እየሞላን ነዋ! ዕቃው ሲሸጥ ግን ጭንቅላታችን አብሮ አይሸጥም።

ጥያቄው ዛሬም አላረጀም። ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን በሚገጠምላቸው ብዙ የቤት ሥራ አውሮፕላኖች፣ ፓምፑ ሞተሩ ከሚያቃጥለው በላይ ነዳጅ ይልካል፤ ትርፉ በሌላ ቱቦ ወደ ታንከር ይመለሳል። እጀታው ሲዞር መላኪያውና መመለሻው አብረው ካልተቀየሩ፣ ከግራ የተቀዳው ወደ ቀኝ ሊመለስ ይችላል፤ ቀኙ ሙሉ ከሆነ ደግሞ በመተንፈሻው አየር ላይ ይፈሳል። ሠሪው ይሄን ስለሚያውቅ ተጠንቅቆ ይበር ይሆናል። ገዢውስ?

«ለራሴ ነው የሠራሁት» የሚለው መልስ ለሠሪው ለራሱም አይበቃም። ሞተር አየር ላይ ሲጠፋበት የሚደነግጠው ሰውዬ፣ ጋራዥ ውስጥ ተረጋግቶ ቱቦ ሲዘረጋ የነበረው አይደለም። ስለዚህ ለዚያ ለደነገጠው ሰው ብለህ ሥራ፤ እጀታውን እጁ የሚደርስበት ቦታ አድርግለት፤ ላዩም ላይ «ግራ»፣ «ቀኝ» ብለህ ጻፍበት።