ለራሳችን ንዋየ ቅድሳት ዋጋ እንክፈልን?

ባለፈው ወር ከጉባኤ በኋላ ወደየቤታችን መሄዱን ረስተን እስኪመሽ የተከራከርንበትን ነገር በዚህች መጽሔት ብናቀርበው ይሻላል ብለናል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወንድማችን የጥንት ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ሲመለከት፥ ስሙን ከማንጠራው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ከዓመታት በፊት የጠፋውን የእጅ መስቀል አየ። ልጅ ሳለ ሲሳለመው ስላደገ አልተሳሳተም፤ መስቀሉ እግሩ ላይ ተሰብሮ በመዳብ ሽቦ የታሰረ ነው። ባለሱቁን ቢጠይቀው ሰውየው አልተቈጣም። «እኔ ሌባ አይደለሁም፤ ገንዘቤን ከፍዬ ነው የገዛሁት። ያወጣሁትን ብቻ ስጡኝና ውሰዱት፤ ትርፍ አልፈልግም» አለው።

ገንዘቡ አዋጥተን የምንሸፍነው ነበር። ይሁን እንጂ ለሁለት ተከፈልን። ግማሾቻችን «ከፍለን እናምጣው፤ መስቀል በመስታወት ሣጥን ውስጥ ከአምባርና ከጌጥ ጋር እያደረ እኛ ስለ ሕግ እንከራከራለንን?» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ዛሬ ብንከፍል ነገ የሚሰርቀው ሰው ገዢ እንዳለው ያውቃል፤ የሌባውን ደመወዝ የምንከፍለው እኛው ልንሆን ነው» አልን። ሁለቱም ወገን ቅን ነበረ፤ ያስቸገረንም ይኸው ነው።

ጥያቄው የኛ ብቻ አይደለም። በላሊበላ የቤተ መድኃኔ ዓለም መስቀል፥ አፍሮ አይገባ የሚባለው፥ በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ በአንድ የቤልጅግ ተወላጅ የጥንት ዕቃ ነጋዴ እጅ ገብቶ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ወደ ቦታው ሲመለስ አገሩ በእልልታ ተቀበለው፤ ነጋዴው ግን ያወጣውን ገንዘብ ሳያገኝ አልለቀቀውም። ያን ዕለት እዚያ ብንሆን እኛም እልል እንል ነበር። እልልታው ግን ጥያቄውን አይመልሰውም።

የዓለም ሕግ አዋቂዎችም በዚሁ ነገር ደክመውበታል። እ.ኤ.አ. በ1970 ዩኔስኮ ያወጣው ስምምነት የተሰረቀ ቅርስ እንዳይገዛና እንዳይሻገር መንግሥታትን ያስገድዳል፤ ያለፈውን ዘመን ዘረፋ ግን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የዩኒድሯ ስምምነት ደግሞ የተሰረቀን ዕቃ የያዘ ሰው ሁሉ ይመልስ ይላል፤ ሆኖም ገዢው ዕቃው የተሰረቀ መሆኑን ያላወቀና ሊያውቅም የማይችል ከሆነ፥ ሲገዛም ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን ካስረዳ፥ ተመጣጣኝ ካሣ ያገኛል። ይህን ስናነብ አንዲት እኅታችን «እንግዲያው ጥያቄው ገንዘብ ከፍሏል ወይ አይደለም፤ ከመክፈሉ በፊት ምን ጠየቀ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ክርክራችን መልኩን ለወጠ።

መቅደላን አስቡ። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ የትንሣኤ ማግሥት ሰኞ፥ ካረፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ዘረፈ። ዕቃው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ወረደ፤ በዚያም ለሁለት ቀን ሐራጅ ተባለበት። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ቤተ መዘክር ሠራተኛ ሪቻርድ ሆምስ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበር። ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። እንግዲህ ሆምስም «ከፍዬ ነው የገዛሁት» ማለት ይችላል፤ ደረሰኝም ሳይኖረው አይቀርም። ግን ዕቃው ከየት እንደ መጣ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ አምባው ሲቃጠል ከሩቅ ይታይ ነበርና።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል እንዲመልሱላቸው ወደ እንግሊዝ ጽፈው ነበር። ቤተ መዘክሩ ሁለት ክብረ ነገሥት ስለ ነበረው አንዱን ላከ። ሥዕሉ ግን አልተገኘም፤ ሆምስ ለራሱ አስቀርቶት ነበር፤ ሲፈለግም ዝም አለ።

«የዛሬዎቹ እንግሊዞች ምን በደሉ? የዘረፉት አያቶቻቸው ናቸው» የሚል ወንድም ከመካከላችን ነበረ፤ ነገሩም ቀላል አይደለም። ለዚህ መልሱን ያገኘነው ከመጽሐፈ ዕዝራ ነው። የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ዕቃ የዘረፈው ናቡከደነፆር ነው፤ የጠጣበት ብልጣሶር ነው፤ ያወጣውና የመለሰው ግን ያልዘረፈው ቂሮስ ነው። ዋጋም አልጠየቀበትም። ከዚህም ሌላ ብዙዎቻችን ዘለን የምናልፋት አንዲት ነገር አለች፤ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቀው ሚትሪዳጡ ዕቃውን ለሰሳብሳር በቍጥር አስረከበው፤ ወርቁና ብሩ 5,400 ነበረ። የተቈጠረ ዕቃ ነው የተመለሰው።

ስለ ታቦት ከተነሣ ደግሞ ዋጋ የሚለው ቃል ራሱ ይከብዳል። በብሪቲሽ ቤተ መዘክር 11 የኢትዮጵያ ታቦታት አሉ፤ የቤተ መዘክሩ ሠራተኞች እንኳ ወደማያዩአቸው ስፍራ ገብተው ተዘግቶባቸዋል። ለሕዝብ ሊያሳዩት የማይችሉትን ነገር የሚያስቀምጡት ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የቤተ መዘክሩ ሕግ ከጥቂት ምክንያት በቀር ዕቃ እንዳይወጣ ይከለክላል ይሉናል፤ ሕጉን ያወጣው ግን ሰው ነው። በኤዲንብራ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን የነበረው ታቦት፥ አንድ ካህናቸው በቁም ሣጥን ውስጥ አግኝቶ ምን እንደ ሆነ ስላወቀ፥ በ1994 ዓ.ም. ያለ ዋጋ ወደ አዲስ አበባ መጣ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በሎንዶን የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር የመቅደላን ዕቃ ለረጅም ጊዜ በውሰት ልንሰጥ እንችላለን ብሎ ነበር። የራስን ዕቃ መዋስ መቼም ከመግዛት የባሰ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ በዚህ አልተስማማንም።

ወደ ሱቁ እንመለስ። በአገራችን በአዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስ ለጥናትና ለባህል ልውውጥ ለጊዜው ካልሆነ ከአገር እንዳይወጣ ተከልክሏል። ፖሊስ እንጥራ ስንል ያችው እኅታችን «መስቀሉ የዚያ ደብር ለመሆኑ ምን ጽሑፍ አለን?» ብላ ጠየቀች። ምንም አልነበረንም፤ አንድ ልጅ የሚያስታውሰው የመዳብ ሽቦ ብቻ ነው። የራሳችን ደብር ዕቃ ቤትስ? እርሱም አልተመዘገበም። አባቶች «መዝገብ ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው» ይላሉ፤ ይህ ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ ብዙ አይተዋል።

በመጨረሻ የዚያ ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ ራሳቸው መጡ። ሱቁ እንደ ገቡ ሳይናገሩ መስቀሉን አንሥተው ተሳለሙት፤ ከዚያም ከጋቢያቸው ውስጥ የቋጠሩትን ገንዘብ ፈትተው ቈጠሩ። አይከፈልም ብለን የተከራከርነው አፋችንን ዘጋን፤ ሐሳባችን ግን አልተለወጠም። ቄሱ ገንዘቡን ከሰጡ በኋላ «ልጄ፥ ከማን ገዛኸው?» አሉት። «አልጠየቅሁትም አባቴ» አለ። ቄሱም ዝም ብለው ጥቂት አዩትና መስቀሉን ጠቅልለው ወጡ።

ከደብራችን አለቃ ጋር ተነጋግረን ዕቃ ቤቱን ለመመዝገብ ተፈቅዶልናል፤ መዝገቡም በእርሳቸው እጅ ተቈልፎ ይቀመጣል። ታቦቱንና ወደ መቅደስ የማይወጣውን ካህናት ራሳቸው ይጽፋሉ። የቀረውን የፊታችን ቅዳሜ ከጧቱ በ3 ሰዓት እንጀምራለን። ሜትር ያለው ይዞ ይምጣ፤ ጽሕፈቱ የሚያምርለትም እንዲሁ።