የማትፈሪያት ካሜራ

ልጄ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከቡሬ መጥተሽ አቦሉን ጠጣሽና በረካውን ሳትጠብቂ ተነሣሽ። መኪና እንዳያመልጥሽ ነው፤ አልተቀየምኩም። ነገርሽ ግን እኔ ዘንድ አደረ። እቁቡ እንደ ወጣልሽ ነገርሽኝ። በላዩ ተበድረሽ አዲስ ካሜራ ልትገዢ እንዳሰብሽም ነገርሽኝ። ይህን ስትነግሪኝ አሮጌዋን ኒኮንሽን በነጠላሽ ጫፍ ሸፍነሽ ይዘሻት ነበር። ጎማዋ መላጡ እንዳይታይ ነው። ያን አየሁ። ስታፍሪባት አየሁ። እንቅልፍ የነሣኝ እርሱ ነው እንጂ መግዛትሽ አይደለም።

አትግዢ አልልሽም። ገንዘቡ የላብሽ ነው። አዲስ ነገር መውደድም ነውር የለውም፤ እኔም ወድጄ አውቃለሁ። ብቻ ከመግዛትሽ በፊት ትንሽ ስሚኝ።

እዚህ ፍኖተ ሰላም የፎቶ ሥራ ስጀምር የነበረችኝ ዜኒት ናት። ዜኒት-ኢ የሚሏት፣ ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ በሚባል ከተማ ትሠራ የነበረችው። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ከተመለሰ አስተማሪ ላይ ገዛኋት። ከነሌንሷ ወደ አንድ ኪሎ ትመዝናለች። ባትሪ የሚባል ነገር አታውቅም፤ የብርሃን መለኪያዋ በራሱ በብርሃኑ ነው የሚሠራው። ፍጥነቷ ከ1/30 እስከ 1/500 ሰከንድ አምስት ብቻ ነው። ሌንሷ 58 ሚሊ ሜትር ሄሊዮስ ነው። መጀመሪያ ቀለበቱን ከፍተሽ ታያለሽ። የሰውየው ፊት ሲጠራልሽ ቀለበቱን መልሰሽ ታጠብቢዋለሽ። ያኔ የምታዪበት መስኮት ይጨልማል። ከዚያ ታነሻለሽ። ስታነሺ የምታሰማው ድምፅ በቅሎ ያስደነግጣል።

የመጀመሪያዎቹን ወራት እጄ ይሳሳት ነበር። አንድ ፊልም 36 ፎቶ ነው፤ ከ36ቱ ግማሹ ይበላሽብኛል። ፊልም ደግሞ ውድ ነው። እየዋለ እያደረ ግን እጄ ራሱ አወቀ። ቀለበቱ ስንት ጊዜ ቀጭ እንዳለ ጣቴ ይቆጥራል። ጨለማም ቢሆን ይቆጥራል። እጄ ሲያውቅ ዓይኔ ነጻ ወጣ።

ይህን አስተውዪልኝ፣ ልጄ። እጅ ካሜራውን ሲያውቅ ዓይን ወደ ሰው ይሄዳል። እጅ ካላወቀ ዓይን እዚያው ካሜራው ላይ ተተክሎ ይቀራል። ፎቶ የሚነሣው ሰው ይህን ያውቃል። አንቺ ከካሜራው ጋር ስትታገዪ ሰውየው ፊቱ ይደርቅበታል።

አንድ ቀን ብር ወንዝን ስሻገር ዜኒቴ ከበቅሎ ላይ ወደቀች። ጫፏ ሰረጎደ። አለቀስኩ ማለት ይቻላል። በማግስቱ ፊልም አጉርሼ ሞከርኳት፤ ትሠራለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልፈራሁላትም። አቧራ ውስጥ ገባሁባት። ካፊያ ውስጥ ቆምኩባት። ሕፃናት ሊነኳት ሲፈልጉ ሰጠኋቸው። አንድ ጊዜ የነካ ልጅ ከዚያ በኋላ ካሜራው ላይ አያፈጥም፤ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ያኔ ታነሺዋለሽ።

ኋላ እጄ ላይ ትንሽ ገንዘብ አደረና አዲስ ካሜራ ገዛሁ። ምን ዓይነት እንደ ነበረ ተይው። ያማረ ነበር። በቆዳ ማኅደሩ ላይ ሌላ ጨርቅ እጠቀልልበት ነበር። ታኅሣሥ ላይ ከማንኩሳ ወረድ ብሎ ወዳለ አገር ሄድኩ፤ ጤፍ ይወቃል። ለወቂዎቹ ጠላ ይዘው የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። እንስራቸውን አወረዱና፣ «ልጄ፣ እስቲ እኔንም አንሣኝ፤ እንዲሁ እንዳለሁ» አሉኝ። አውድማው ላይ እብቁ እንደ ጭስ ይበናል። ካሜራዬን አየሁት። ከማኅደሩ ላወጣው ፈራሁ። «እማማ፣ ለጥምቀት መጥቼ አምረው ለብሰው አነሣዎታለሁ» አልኳቸው። መረቁኝና ሄዱ።

ለጥምቀት አልደረሱም።

ልጆቻቸው መጡ። ለአርባቸው ፎቶ ይፈልጋሉ። እንደምታውቂው በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟቹ ፎቶ ይያዛል፤ አልቃሽዋ እርሱን እያየች ነው ሙሾውን የምታወርደው። ያላቸው የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለው ጉርድ ብቻ ነበር። ማኅተሙ ግንባራቸው ላይ አርፏል። አሳድግልን አሉኝ። አሳደግኩላቸው። ፎቶው ሲያድግ ማኅተሙም አብሮ አደገ።

ልጆቹ አመስግነውኝ ሄዱ። አውድማው ላይ የሆነውን አያውቁም። እኔ ግን ያን ማኅተም እስከ ዛሬ አያለሁ። እብቅ ከሌንስ ላይ በብሩሽ ይራገፋል፣ ልጄ። በአንድ ደቂቃ ይራገፋል።

እንግዲህ አዲሱን ገዝተሽ ወዴት ይዘሽው እንደምትሄጂ አስቢ። ቡሬ በርበሬ ተራ ትገቢበታለሽ? የገበያ ቀን፣ ጆንያው ሲራገፍ፣ ሰው ሁሉ ሲያስነጥስ? ብድሩን ሳትጨርሺ አትገቢበትም። ዝናብ ሲመጣ ታወጪዋለሽ? አታወጪውም። ብድር ያለበት ካሜራ ባለቤቱን ያዛል። ለብድሩ ስትይ ሰርግ ብቻ ታነሻለሽ። ሰርግ መልካም ነው፤ እንጀራችን ነው። ነገር ግን አንቺ ያነሣሻቸውን የእረኞቹን ፎቶዎች አይቻለሁ። እነርሱን ከዚያች ከምታፍሪባት ኒኮን ነው ያወጣሻቸው።

እርሷን ደግሞ አትናቂያት። ኒኮን ዲ90 በ2008 እ.ኤ.አ. ስትወጣ፣ ከዓይነቷ ካሜራዎች ቪዲዮ መቅረጽ የቻለች የመጀመሪያዋ ነበረች። 12 ሚሊዮን ነጥብ አላት። ዛሬ ይህ ትንሽ ይመስላል። ግን 24 በ36 ሳንቲ ሜትር ፎቶ ጥርት አድርጎ ለማሳተም ይበቃል። ግድግዳ ላይ ከዚያ የሚበልጥ ስንት ሰው ይሰቅላል? መዝጊያዋም 100,000 ጊዜ እንዲሠራ ተፈትኖ የወጣ ነው። ጎማዋ ቢላጥ በሙጫ ይለጠፋል። ጎማ ፎቶ አያነሣም።

አንድ ነገር ግን እውነትሽን ነው። ማታ ታስቸግራለች። ማኅሌት ሲቆም፣ ጧፍ ብቻ በበራበት፣ ከእርሷ የሚወጣው ፎቶ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ይህን አልክድሽም። አዳዲሶቹ በዚህ በጣም ይበልጧታል። ቢሆንም መጀመሪያ ያገለገለ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፈልጊ፤ 1.8 የሚከፈተውን። የኒኮንሽ ሞተር ከውስጧ ስለ ሆነ የድሮው ሌንስ ራሱ ፎከሱን ያስተካክልልሻል፤ ከእርሷ ያነሱት ኒኮኖች ብዙዎቹ ይህ የላቸውም። ዋጋው ከካሜራ ጋር አይወዳደርም። ለፊት ፎቶም ከእርሱ የተሻለ አላውቅም። ይህን ሞክረሽ፣ አንድ ክረምት ሠርተሽበት፣ አሁንም ማታው ካስቸገረሽ ያኔ ግዢ። ያኔ ምን እንደጎደለሽ አውቀሽ ነው የምትገዢው።

ጄን ቦውን የሚባሉ እንግሊዛዊት ነበሩ። ኦብዘርቨር ለሚባለው የለንደን ጋዜጣ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምረው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፎቶ አነሡ። በኋለኞቹ ዓመታት ካሜራቸው ያረጀች ኦሊምፐስ ኦኤም-1 ነበረች። እንደ አስቤዛ በገበያ ቦርሳ ነው የሚይዟት። ብርሃኑን የሚለኩት የእጃቸውን ጀርባ አይተው ነው፤ ብርሃኑ እዚያ ላይ እንዴት እንዳረፈ ያያሉ፣ ያነሣሉ። ንግሥት ኤልዛቤጥ 80 ዓመት ሲሞላቸው በ2006 እ.ኤ.አ. የንግሥቲቱን ፎቶ እንዲያነሡ የተጠሩት እኒሁ ሴት ናቸው። ስለ እርሳቸው ባሰብኩ ቁጥር አንቺ ትመጪብኛለሽ። አንቺም እጅ አለሽ። ጠዋት ከቤት ስትወጪ የእጅሽን ጀርባ ፀሐይ ላይ እዪው፣ ጥላ ውስጥ እዪው። በየቀኑ እዪው።

በእኛ አገር ለዚህ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ሰዋችን ነጭ ይለብሳል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ነጠላው እንዳለ ያበራል። ካሜራ፣ አሮጌም ሆነ አዲስ፣ ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፤ ፊቱ ይጠቁራል፤ የሽማግሌው ዓይን ይጠፋል። አንድ ደረጃ መክፈት አለብሽ። ፀሐዩ ከበረታ ሰውየውን ከዋርካው ጥላ ጫፍ ላይ አቁሚው። ይህን ካሜራ አይነግርሽም። ይህን ያስተማረኝ ያበላሸሁት ፊልም ነው።

አልፈራም ማለት አልጠነቀቅም ማለት አይደለም። ይህን እንዳታደባልቂው። አቧራውን መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ አራግፊ፤ ሌንስ በነጠላ ጫፍ መወልወል ተዪ፤ በአቧራው ውስጥ ያለችው አሸዋ ትቧጭረዋለች። ስትወለውይ አይቼሻለሁ። ክረምት ሲገባ ካሜራሽን ከቆዳ ማኅደር አውጪው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል፤ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ታገኚዋለሽ። አየር የሚያገኝበት፣ ከምድጃ ጭስ የራቀ ቦታ ይሁን። አዲስ ጫማ ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣያት፤ ከካሜራው ጋር አኑሪያት።

የሰርግ ሰው ካሜራ አይቶ ነው የሚከፍለው ብለሽኝ ነበር። እውነት ነው፣ አለ እንዲህ ያለ ሰው። ቢሆንም ከሰርጉ በፊት ያነሣሻቸውን ፎቶዎች በትልቁ አሳትመሽ ይዘሽ ሂጂ። ለሙሽራዋ እናት አሳዪያቸው። እናቶች ፎቶ ያያሉ፤ የካሜራ ስም አያነቡም። ኒኮንሽን ግን አትሸፍኚያት። አንቺ ካፈርሽባት ሰውም ያፍርባታል።

መጨነቅ ካለብሽ ለፎቶው ተጨነቂ። እኔ ዜኒቴን በጨርቅ ጠቅልዬ ሳኖር ነጋቲቮቼን በካርቶን አልጋ ሥር አስቀምጬ ነበር። አንድ ክረምት ቆርቆሮው አፈሰሰ። እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። ስመለስ ፊልሙ እርስ በርሱ ተጣብቋል። የስንት ሰው ልጅነት፣ የስንት ሰው ሰርግ እዚያ ውስጥ ነበር። ካሜራዋ ደህና ናት። ዛሬም ትሠራለች። አየሽ፣ ጥንቃቄዬን ያኖርኩት በተሳሳተው ቦታ ነው።

ሸመልስ ደስታ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ በደርግም ዘመን ሠርተዋል። መንግሥት አለፈ፣ ዘመን አለፈ፣ ፎቶዎቻቸው ግን ተርፈው በ2007 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ለሕዝብ ታዩ። ሰው ቆሞ ያየው ንጉሡን፣ መኳንንቱን፣ ያን ዘመን ነው። በምን ካሜራ ተነሣ የሚለውን ስንቱ ጠይቆ ይሆን?

የአንቺ ፎቶዎች ግን ያሉት ሜሞሪው ላይ ነው። ሜሞሪው ሲሞላ አጥፍተሽ ሌላ ታነሻለሽ። ይህን ስትነግሪኝ እንደ ቀላል ነገር ነበር የነገርሽኝ፤ እኔን ግን ልቤን አሳመመኝ። ከእቁቡ ላይ ቀንሰሽ ሁለት ሃርድ ዲስክ ግዢ። አንዱ ቡሬ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። ሌላውን ለእኔ ስጪኝ፤ እዚህ ፍኖተ ሰላም ከሣጥኔ ውስጥ ይኖራል። አንዱ ቤት ቢያፈስ ሌላው አለ። በየወሩ መጥተሽ ትሞይዋለሽ፤ እግረ መንገድሽን ቡናውንም እስከ በረካው ትጠጫለሽ።

የሚመጣው ቅዳሜ ነይ። ዜኒቷን ከመደርደሪያው አውርጄ አቆይልሻለሁ። አንድ ፊልም አዲስ አበባ ካለ ወዳጄ አስመጥቻለሁ፤ 36ቱን አንቺ ታነሺያቸዋለሽ። ስትመጪ ደግሞ የእናትሽን ፎቶ ይዘሽልኝ ነይ። ስንት ጊዜ ፎቶ ስታሳዪኝ የእርሳቸውን አይቼ አላውቅም። የመታወቂያውን አይደለም የምልሽ። ደጃፍ ላይ በርበሬ አስጥተው፣ ዘንጋዳ መስሎ ቀልቶ፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ መንገዱ ሲያዩሽ ያሉትን። ከሌለሽ ዓርብ ወደ አሥር ሰዓት ግድም፣ ብርሃኑ ሲለዝብ፣ በአሮጌዋ አንሺያቸው። ልብስ ልቀይር ይሉሻል። እንዲሁ እንዳሉ በያቸው።