ጽዋውን መረከብ ያልቻለ ወንድም

በዚህ እትም ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይ በየወሩ በዓይናችን የምናየው፣ ነገር ግን ተቀምጠን ያልተነጋገርንበት ነው። ይኸውም የአባቶቻችን ማኅበር ነው። ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ የሚል ነው፦ ተራው ደርሶ መደገስ ያቃተው ማኅበርተኛ ወንድምነቱ ይቀጥላል ወይስ ያበቃል? «እንዴታ፣ ይቀጥላል እንጂ!» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። ሁላችንም እንዲሁ እንላለን። በተግባር የሚታየው ግን ሌላ ስለ ሆነ ብዕራችንን ለማንሣት ተገደድን።

ለታናናሾቻችን ስለ ማኅበሩ ጥቂት እናስረዳ። የቤተ ክርስቲያናችን ወንዶች በወር አንድ ቀን፣ በመረጡት ቅዱስ መታሰቢያ፣ በአንዱ ማኅበርተኛ ቤት ይሰበሰባሉ። ወር በገባ በ12 ቅዱስ ሚካኤል፣ በ21 እመቤታችን፣ በ27 መድኃኔ ዓለም እንደሚታሰብ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ካህኑ ከተገኙ ይባርካሉ፤ ካልተገኙ በዕድሜ የገፉት አባት ጸሎቱን ይመራሉ። ወንጌል ይነበባል፤ ዳቦው ይቈረሳል፤ ጽዋው ይዞራል። ከዚያም «ሙሴ» የሚባለው የማኅበሩ መሪ የታመመ፣ ያዘነ ወይም ከወንድሙ የተጣላ እንዳለ ይጠይቃል። መዋጮ ይሰበሰባል። በመጨረሻም የዕለቱ ባለ ተራ ጽዋውን ለሚቀጥለው ወር ባለ ተራ ያስረክባል። ልማዱ የእኛ የካቶሊኮች ብቻ አይደለም፤ ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር የምንጋራው የጥንት ውርስ ነው።

በጅማ ደግሞ ይህ ስብሰባ የተለየ ክብደት አለው። ጅማ የቡና ከተማ ናት። ብዙው ሰው ቡና ለመልቀም፣ ለመነገድ ወይም በመንግሥት ሥራ ተመድቦ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጉራጌ፣ ከዳውሮ፣ ከከፋ የመጣ ወይም የመጤ ልጅ ነው። አጎቱም የሥጋ ወንድሙም ሩቅ ናቸው። የጅማ ቦንጋ ሐዋርያዊ ቪካሪያት ምእመናንም ጥቂቶች ነን፤ ሰፈራችንም የተበታተነ ነው። በመንደራ ቆጪ አንድ ሰው ሲታመም መጥቶ በሩን ከሚያንኳኩት የመጀመሪያዎቹ መካከል የማኅበር ወንድሙ ይገኛል። ስለዚህ ከማኅበር መውጣት ከአንድ ግብዣ እንደ መቅረት አይቈጠርም፤ ዘመድ አልባ እንደ መሆን ነው።

በሰፈራችን የምናውቃቸው አንድ አባት አሉ። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም። በቡና መጋዘን ጆንያ ሲሸከሙ ኖረው ወገባቸውን ታመሙና ሥራ አቆሙ። ተራቸው በነሐሴ ነበር። በሐምሌው ማኅበር ጽዋውን መረከብ ሲገባቸው ሳይመጡ ቀሩ። ማኅበሩ ክፉ አልነበረም፤ ከሣጥኑ ገንዘብ አውጥቶ በስማቸው ደገሰላቸው። ነገሩን ግን ያላወቀ ሰው አልነበረም። በመስከረም መጡና በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ዘወትር እሳቸው ያነቡት የነበረውን ወንጌል ሌላ ሰው አነበበ። በጥቅምት አርፍደው መጡ። በኅዳር ቀሩ። ማንም አላባረራቸውም።

«ማንም አላባረራቸውም» የምትለውን ቃል ልብ በሉልን። ስለዚህ ጉዳይ የጠየቅናቸው ሁሉ በመጀመሪያ የሰጡን መልስ እሷው ነበረች። እውነት ናት። ነገር ግን አንድ ሰው ሳይባረር የሚወጣበት ቤት ካለ፣ በሩ በምን እንደ ተሠራ መመርመር ይገባል ብለን እናምናለን።

አባቶች ተራውን የሚያወጡት በዕጣ ነው። ዕጣ አያዳላም ይባላል። አዎን፣ ዕጣ አያዳላም፤ ወሩ ግን ያዳላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ ቡና ሲለቀም በአጋሮም በሊሙም በጅማም ገንዘብ ይዘዋወራል፤ ለቃሚውም፣ ተሸካሚውም፣ ሻይ ቤት ያለውም ያገኛል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲበረታ ግን የቡናው ገንዘብ አልቋል፤ እህል ይወደዳል፤ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ ከፊት ቆሞ ይጠብቃል። እንግዲህ የኅዳር ባለ ተራና የነሐሴ ባለ ተራ አንድ ዓይነት ድግስ ሲደግሱ እኩል አወጡ ማለት ይቻላልን?

ዓመቱም ከዓመት አይመሳሰልም። በ1963 ዓ.ም. ገደማ የቡናን ፍሬ በዛፉ ላይ እንዳለ የሚያጠቍረው በሽታ በአገራችን ታየ። እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም ቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ሲፈርስ ዋጋው ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 ደግሞ በብዙ አሥርት ዓመታት ያልታየ ዝቅተኛ ዋጋ ላይ ደረሰ። በጎማ ወረዳ ያለ ገበሬ ከማሳው ምንም ሳያጎድል፣ በኒው ዮርክ ገበያ በሚቈረጥ ዋጋ ምክንያት ብቻ ድሀ ሆኖ የሚያድርበት ጊዜ አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ተራውን ባያወጣ በእርግጥ ጥፋቱ የማን ነው?

«ታዲያ መዋጮና ተራ ይቅር ትላላችሁ?» የሚሉን ይኖራሉ። አንልም። ዕድሩን እንመልከት። በከተማችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ዕድር ውስጥ ሆኖ ይቀባበራል፤ ድንኳኑም አግዳሚ ወንበሩም የጋራ ነው። ዕድር ግን መዋጮውን በጊዜው ይጠይቃል፤ ያልከፈለውን ይቀጣል፤ እጅግ የዘገየውን ይሰርዛል። በዚህ ልንወቅሰው አንችልም፤ ውሉን በመጀመሪያ ቀን ተናግሯልና። በገጠሩም የጅማ ገበሬ ዳዶ ሲገባ አንድ ቀን ያረሰለትን ሰው አንድ ቀን ያርስለታል፤ ቀን በቀን ይመለሳል። ይህም ፍትሐዊ ነው። ውልን ከነስሙ ውል ብሎ የሚጠራ ሰው አያታልልም።

ማኅበር ግን ራሱን ውል ብሎ አይጠራም። ማኅበርተኞች «ወንድሜ» ይባባላሉ፤ በአንድ ጽዋ ይጠጣሉ። የእናት ልጅ የሆነ ወንድም ዘንድሮ ቢደኸይ «ባለፈው ዓመት ያበላሁህን ሳትመልስ» ብለን ከቤተሰብ መዝገብ አንፍቀውም። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይገባናል። ወይ ቃሉን ትተን «እኛ ተራ በተራ የምንጋበዝ ጎረቤታሞች ነን» እንበል፤ ይህ ነውር የለበትም፤ ወይም ቃሉን ይዘን ክፍያውን እንቀበል። የወንድምን ስም በዕድር ዋጋ መግዛት ግን አይቻልም። ጌታችን ግብዣ ስትጠሩ ብድር መመለስ የማይችሉትን ጥሩ ብሎ ያስተማረውን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ማንበብ ይቻላል።

ነገሩ ግን በዚህ ብቻ አያልቅም። «እንግዲያውስ ድሀውን ከተራ ነጻ እናድርገው፤ መጥቶ ይብላ ይጠጣ» የሚሉ ደግ ሰዎች አሉ። እኛም በመጀመሪያ ስንወያይ ከመካከላችን ግማሹ ይህንኑ ሐሳብ ደግፎ ነበር። ሐሳቡን ስንመረምረው ግን ከላይ የጠቀስናቸው አባት የደረሰባቸውን አየን። ለአሥራ ሁለት ዓመት ያስተናገደ ሰው፣ ከዛሬ ጀምሮ አስተናጋጅነትህ ቀርቶ እንግዳ ብቻ ሁን ሲባል፣ ከሰው ተራ ወርዶ በተረጂ መዝገብ እንደ ገባ ይሰማዋል። መቀበል ብቻ ያለበት ወንድምነት ያሳፍራል። ሰው መስጠትንም ይራባል፤ ይህ ረኃብ በድሀው ቤት የለም ብለን ማሰባችን ራሱ ንቀት ነው።

ስለዚህ የእኛ አሳብ ሌላ ነው። ተራው ለሁሉም ይቈይ፤ ገበታው ግን ከሁሉ የደከመው ወንድም በነሐሴ ወር ሊያወጣው በሚችለው ልክ ይወሰን። አንድ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ ወይም ንፍሮ፣ ጽዋውን የሚሞላ ጠላ፣ እና ቡና። በጅማ ተቀምጦ ቡና አነሰኝ የሚል ማኅበርተኛ ያለ አይመስለንም! ለጠላው የሚሆነው ገብስና ጌሾ ደግሞ ገንዘብ በሚገኝበት በኅዳር ወር ከመዋጮው ተገዝቶ ይቀመጥ፤ በክረምት ተራ የደረሰው ሁሉ፣ ነጋዴም ይሁን ተሸካሚ፣ ከዚያው ይስፈር። ለአንዱ ብቻ ሲሰፈር ምጽዋት ይሆናል፤ ለሁሉ ሲሰፈር የማኅበሩ ጎተራ ነው።

ይህን አሳብ ለአንድ ሽማግሌ አባት ብናቀርብላቸው ተቈጡን። «እኔ ድሀ ነኝ ብላችሁ በቅዱሱ ቀን ገበታዬን ልትቀንሱብኝ ነው?» አሉን። ቍጣቸው ትክክለኛ ነገር አለበት፤ ለቅዱሱ ክብር ከዓመት ዓመት አጠራቅሞ መደገስ ለብዙ ድሀ ትልቁ ደስታው ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚጻፈው ለድሀው አይደለም፤ ለባለጠጋው ነው። የድግሱ ልክ እንዴት እንዳደገ እናስታውስ። አንድ ነጋዴ ወንድም በጥር ወር በግ አረደ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ እግዚአብሔር የሰጠውን ማካፈሉ ነበር። የሚቀጥለው ባለ ተራ ሁለት ዶሮ አቅርቦ «ይቅርታ፣ አነሰ» አለ። ከእሱ የሚቀጥለው ተበደረ። ጾም እንኳ አላዳነንም፤ በጾም ወር ተራ የደረሰው የወጡን ዓይነት ወደ ሰባት አወጣው። «ይቅርታ፣ አነሰ» የተባለባት ቀን ማኅበሩ ለደከመው ወንድም በሩን መዝጋት የጀመረባት ቀን ናት። ስለዚህ ማካፈል የሚፈልግ ባለጠጋ በሌላ ቀን፣ ማኅበርተኛ ላልሆኑት፣ ብድር ለማይመልሱት ይረድ። በማኅበሩ ቀን የሚጠበቅበት ትልቁ ስጦታ ከአቅሙ በታች መደገስ ነው። ይህ ከበግ ይልቅ ይከብደው ይሆናል።

ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን የወቀሳቸው በዚሁ ነገር ነበር። በጌታ ራት ስም ተሰብስበው አንዱ ሲጠግብና ሲሰክር ሌላው ተርቦ ይቀመጥ ነበር፤ ሐዋርያው ይህን ምንም የሌላቸውን ማሳፈር ብሎ ቈጠረው። የቆሮንቶስ ሰዎችም «ማንንም አላባረርንም» ሳይሉ አይቀሩም።

እዚህ ላይ ስለ እናቶቻችንም አንድ ቃል ሳንናገር ማለፍ አንወድም። ማኅበሩ የወንዶች ነው ይባላል፤ ብቅሉን የምታበቅለው፣ ጌሾውን የምትወቅጠው፣ እንኵሮውን የምታነኵረው፣ በዋዜማው ሌሊት እንቅልፍ አጥታ የምታድረው ግን የማኅበርተኛው ሚስት ናት። ባሏ ሥራ ሲፈታ እንጀራ ሸጣ ቤቱን የምትይዘውም እሷ ናት። የገበታው ልክ ሲወሰን ማን እንደሚከፍለው ለማወቅ የፈለገ፣ ሳሎኑን ትቶ ጓዳውን ይጠይቅ።

የወንዶችን ማኅበር ከጓዳው አንጻር ያዩ አንድ ካህን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1882 በአሜሪካ በኒው ሄቨን ከተማ፣ አባ ሚካኤል መክጊቭኒ የተባሉ የ29 ዓመት ካህን የቁምስናቸውን ወንዶች ሰብስበው «የኮሎምበስ ፈረሰኞች» የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። እሳቸው ራሳቸው በዘርዓ ክህነት ሳሉ አባታቸው ሞተው ቤተሰቡ ሲቸገር ያዩ ነበሩ። አባል የሆኑት ወንዶች መዋጮ ያዋጣሉ፤ አንዱ ሲሞት ሚስቱና ልጆቹ እንዳይበተኑ ከመዋጮው ይሰጣቸዋል። ካህኑ በ38 ዓመታቸው አረፉ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ቤተ ክርስቲያን ብፁዕ ብላቸዋለች። መዋጮው በራሱ ክፉ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። ነገር ግን ማኅበሩ የተሠራው ከእንግዲህ ወዲህ ምንም ሊከፍል የማይችለውን ወንድም፣ ማለትም የሞተውን፣ በማሰብ ነበር። በእኛ ማኅበር ደግሞ ሟቹን በሚገባ እንቀብራለን፤ ዝክሩንም እናወጣለን። ወገቡን ታምሞ በሕይወት ያለው ነው ያስቸገረን።

ይህን ጽሑፍ ከማተማችን በፊት ለማኅበሩ ሙሴና ለጸሐፊው አስነብበናቸዋል። ጸሐፊው በገብሱና በጌሾው አሳብ ተስማምተዋል፤ በበጉ ጉዳይ ግን «አባቶች ይነጋገሩበት» ብለዋል። የሚቀጥለው ዓመት ዕጣ የሚወጣው በመስከረም ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ሰዎች ወደ እኚያ አባት ቤት ሄደው፣ ስለ ድግስ ሳይሆን ወንጌሉን እንዲያነቡ ብቻ እንዲለምኗቸው ጠይቀናል። አባቶች የሚሰጡንን መልስ በዚሁ ገጽ እናወጣለን። በሌሎች ቁምስናዎች፣ በአጋሮም ሆነ በቦንጋ፣ ማኅበሩ በክረምት ተራ እንዴት እንደሚያደርግ የሚያውቅ አንባቢ ቢጽፍልን ደስ ይለናል።