ስለ ኢፔ እንጨት ለሀደራ ወገኖች የቀረበ ምክር

ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደስን ሊያንጽ በተነሣ ጊዜ፣ የጢሮስ ንጉሥ ኪራም የሊባኖስን ዝግባ አስቆርጦ፣ ግንዱንም አስተሳስሮ በባሕር ላይ እያንሳፈፈ እስከ ኢዮጴ እንዳደረሰለት፣ ሰሎሞንም ዋጋውን በስንዴና በዘይት እንደ ከፈለ መጽሐፍ ይነግረናል። ከጢሮስ ወደ ኢዮጴ በባሕር የሚወርድ ሁሉ ናሓል ሀደራ የተባለው ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ጠረፍ ፊት ማለፉ የግድ ነውና፣ ያ ግንድ እናንተ ዛሬ ከምትኖሩበት ዳርቻ ፊት ለፊት አልፏል። ሥራው ቅዱስ፣ ገዢና ሻጩም ነገሥታት ነበሩ፤ ሆኖም ከእነርሱ በኋላ የተነሡት መንግሥታት ያለ ልክ ሲያስቆርጡት ስለ ኖሩ፣ ሊባኖስን አልብሶ የነበረው ደን ዛሬ በጥቂት ስፍራ ብቻ ተጠብቆ የሚታይ ቅሬታ ሆኗል።

አሁን ደግሞ ተራው የኢፔ ነው። ግቢ ያለው ሰው በረንዳውን «ዴክ» ሊያስነጥፍ ሲያስብ፣ ፀሐይና ዝናብ አይበግረውም፣ ምስጥም አይደፍረውም ተብሎ የሚመሰገንለት ይህ እንጨት፣ ከክብደቱ የተነሣ ውኃ ውስጥ የሚሰጥም ሲሆን፣ የሚመጣውም ከደቡብ አሜሪካ፣ ይልቁንም ከብራዚል የአማዞን ደን ነው። እድገቱ እጅግ የዘገየ፣ እዚህ አንድ፣ ከዚያም ርቆ ሌላ እየሆነ ተበታትኖ የሚበቅል ስለሆነ፣ ቆራጩ ለጥቂት ግንድ ሲል በደኑ መካከል መንገድ ይጠርጋል፤ በዚያም መንገድ እሳትና ከብት አርቢ ይከተላሉ። ማጭበርበሩም ረቂቅ ነው፤ በምድር ላይ የሌለ ዛፍ በቆጠራ መዝገብ እንዳለ ሆኖ ይጻፍና በስሙ ፈቃድ ይወጣል፤ ከተከለከለ ደን የተሰረቀው ግንድም በዚያ ፈቃድ ተሸፍኖ ንጹሕ ሸቀጥ መስሎ ይሸጣል። (በእኔ ፍርድ ይህን ሐሰት የሚጽፈው እጅ መጥረቢያ ከያዘው እጅ ይልቅ ይከፋል።) በ1973 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን የተፈረመው፣ ለመጥፋት የሚያሰጋቸውን አራዊትና ዕፅዋት ንግድ የሚቆጣጠረው፣ ሳይተስ የሚባለው ውል ኢፔን ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣትን በሚከለክለው ሁለተኛው መዝገቡ አስገብቶታል፤ እስራኤልም ኢትዮጵያም የውሉ አባሎች ናቸው።

የተከለከለ ዛፍ መቁረጥ ከኢትዮጵያ ለመጣን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ የ1994 እ.ኤ.አ. የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ የነበረ ቢሆንም፣ የዋንዛ አልጋና ቁም ሣጥን የሚፈልግ ገዢ እስካለ ድረስ መጥረቢያው አላረፈም። አዋጅ ብቻውን የገዢን ምኞት አይገታም።

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 20 ከተማን ከብቦ የሚዋጋ ሠራዊት እንኳ የፍሬ ዛፍ እንዳይቆርጥ ያዝዛል። ትእዛዙ የፍሬውን ዛፍ ለይቶ የተናገረ ቢሆንም፣ በጦርነት ጭንቅ ያልተፈቀደ ጥፋት ለበረንዳ ጌጥ ሲባል እንዴት ይፈቀዳል? ሀደራም ረግረጓንና ወባዋን ለማራቅ ባሕር ዛፍ የተከለች ከተማ ስለሆነች፣ የተተከለ ዛፍ ጥቅሙ ምን እንደሆነ ከማንም አትማርም።

ስለዚህ፣ ወገኖቼ፣ ለመቆረጥ ተብሎ ከተተከለ ደን የመጣውን የፓይን እንጨት ምረጡ። ኢፔ የሚያቀርብላችሁ ነጋዴ ካለም አገሩንና ፈቃዱን ጠይቁት፤ ዕብራይስጥ የሚያነብ ልጅም ወረቀቱን ለአባቱ ያንብብለት፤ ፈቃዱን ለማሳየት የሚያመነታ ሲሆን ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።